ተዘግቶም የሚነበብ ወረቀት

በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ከእትዬ የዓለምዘርፍ ምድር ቤት ተከራይቶ የሚኖረው በፈቃዱ፣ አንድን ጽሑፍ አንድ ጊዜ በወጉ ካነበበው ጽሑፉ ከእርሱ አይለይም ነበር። ሌላው ሰው ያነበበውን እያበጠረ፣ ገለባውን ለነፋስ ሰጥቶ ፍሬውን ያስቀራል፤ በፈቃዱ ግን ከነገለባው፣ ከነእብቁ፣ ከነአውድማው ይዞት ይሄዳል። ገጹ እንዳለ በዓይነ ኅሊናው ይቆማል፤ አንቀጹ የት ላይ እንደጀመረ፣ መስመሩ በየትኛው ቃል ላይ እንደተሰበረ ሳይቀር ያየዋል። ይህን ከእግዜር የተሰጠ ጸጋ አድርጎ ይቆጥረው ነበርና አልፈራውም። መፍራት የጀመረው ዘግይቶ ነው።

እትዬ የዓለምዘርፍ በተከራያቸው ይኮራሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ሌላ ስቴት የገቡባቸው ሴት ናቸው፤ ከቅዳሴ መልስ ሳሎናቸው ከእንግዳ አይጠራም። በፈቃዱ ጫማውን አውልቆ ቀስ ብሎ ወደ ምድር ቤቱ ሊወርድ ሲል ይይዙታል።

«ና እስቲ! የት ትሾልካለህ? ይሄ ልጅ እኮ ተከራይ አይደለም፣ ቴፕ ነው። የፈለጋችሁትን ስጡትና እዩ!»

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ጋሽ ታዴዎስ፣ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው በቅርቡ ጡረታ የወጡት፣ ከፍሪጁ በር ላይ የኢንተርኔቱን የውል ወረቀት ነቅለው ሰጡት። በፈቃዱ አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ ግን እምቢ ማለትን አያውቅበትም። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ወገቡ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ አነበበው። ከዚያም ወረቀቱን መልሶ ሰጥቶ፣ በደቃቅ ፊደል የታተመውን ሳይቀር በእንግሊዝኛ ዘለቀው።

«አቤት! አቤት!» አለች አንዲት እንግዳ ጉልበቷን እየመታች። «እኔ ስንት ዓመት ስፈርምበት ያላነበብኩትን!»

ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ታዴዎስ ብቻ ወረቀቱን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

«ልጄ» አሉት ቀስ ብለው፣ «የሰው ዕቃ ይህን ያህል ከገባ፣ ያንተ የራስህ የት ይቀመጣል?»

«ቦታማ ሞልቶ!» ብለው እትዬ የዓለምዘርፍ ስለ እርሱ መለሱ። «እንደኔ ቤት ነው፤ ከላዩም ከታቹም ይከራያል።»

ሳቁ እንደገና ተነሣ። በፈቃዱም አብሮ ሳቀ። ጥያቄው ግን ደረጃውን ተከትሎት ወረደ።

በማግሥቱ ኢሜይሉ ደረሰው። ቀን ቀን በአሌክሳንድሪያ የአንድ ቢሮ ሕንፃ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ይሠራል፤ ማታ ማታ በሕዝብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። ከፖቶማክ ወንዝ የተነሣው ጉም መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር መኪኖቹ በሩ ላይ ከመድረሳቸው በፊት መብራታቸው ብቻ ይታይ ነበር፤ ከየት እንደሚመጡ አይታወቅም። በመኪናና በመኪና መካከል ስልኩን ከፈተ። የላኩለት መምህሩ ፕሮፌሰር ኮልማን ነበሩ። መልእክቱ አጭር ነው፤ ያስገባኸውን ጽሑፍ በሚመለከት መነጋገር አለብን፤ ለማንም ሳታሳየው ይዘኸው ና፤ ይላል።

የተባለው ጽሑፍ የደም ግፊት ሕሙማን መድኃኒታቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ ሌሎች ተመራማሪዎች የጻፉትን የሚዳስስ ነበር። በፈቃዱ ክረምቱን ሙሉ በመኪና ማቆሚያው በር ላይ ባለችው ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ሲያነብ ከርሞ፣ በመጨረሻ ጽሑፎቹን ሁሉ ዘግቶ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ባዶ ገጽ ብቻ ከፍቶ ከራሱ አፍልቆ ጻፈው። ቃላቱ ያለ አንዳች ድካም ይወርዱለት ነበር። «ለካስ መጻፍ እችላለሁ» ብሎ የደነቀው በሕይወቱ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ፕሮፌሰር ኮልማን ኮምፒውተራቸውን ወደ እርሱ አዞሩት። ጽሑፎችን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የሚያመሳክረው ማሽን ገጹን ከዳር እስከ ዳር ቀብቶታል፤ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። እያንዳንዱ ቀለም የአንድ ሌላ ሰው ነው። ነጭ ሆነው የቀሩት የበፈቃዱ ስም፣ ቀኑ፣ እዚህም እዚያም የተሰነቀሩ «እንዲሁም» እና «ስለዚህ» ብቻ ነበሩ።

«ስትጽፍ ጽሑፎቹ ፊትህ ተከፍተው ነበር?» ብለው ጠየቁት። ድምፃቸው ውስጥ ርኅራኄ ነበር፤ አዎ ቢል ሊያግዙት የተዘጋጁ ይመስላሉ።

«አልነበሩም» አለ። «ሁሉንም ዘግቼ ነው ከራሴ የጻፍኩት።»

ርኅራኄው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። እውነቱን ነበር የተናገረው፤ ከሁሉም ውሸት ይልቅ ውሸት የመሰለው ግን ያ እውነት ነው።

ነገሩ ወደ ኮሚቴ ተላለፈ። ኮሚቴው በወሩ መጨረሻ አንድ አንብቦት የማያውቀውን የጥናት ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ሰው ፊት ተቀምጦ ያነባል፤ ጽሑፉ ይወሰድበታል፤ ከዚያ ጽሑፉ የሚለውንና እርሱ የሚለውን በእጁ ይጽፋል። የጻፈው የራሱ ከሆነ ይቆያል። ካልሆነ ይሰናበታል፤ የመሰናበቱም ምክንያት መዝገቡ ላይ ይሰፍርና ወደ የትኛውም ትምህርት ቤት ቢሄድ ቀድሞት ይደርሳል። እንግሊዝኛ ከሚያስተምሩት የማታ ክፍሎች አንሥቶ እዚህ ለመድረስ የለፋባቸው ዓመታት በአንድ መስመር ያከትማሉ።

ሌላ ተማሪ ቢሆን ይህ ፈተና የምሥራች ነበር። ወረቀቱ ከተወሰደ ከየት ይገለብጣል? በፈቃዱን ግን ያስፈራው ይኸው የወረቀቱ መወሰድ ነበር። ለእርሱ ወረቀት ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ሲወሰድ ነውና።

ነገሩ ሥር ነበረው። በፈቃዱ በልጅነቱ ዜማ ቤት ገብቶ ነበር። እዚያ አንባቢ ማለት የተቀበለውን ሳያጎድልና ሳይጨምር የሚመልስ ነው። አንዲት ድምፅ ያዛነፈ ልጅ «ተመለስ!» ይባላል፤ ከመጀመሪያው ይነሣል። የመምህርን ቃል በራስ ቃል መለወጥ ድፍረት ነበር፤ እንዳለ መመለስ ደግሞ አክብሮት። ሊቃውንቱ የጻፉትን በራሱ አነጋገር ቢያቀርበው ያበላሸባቸው ይመስለዋል። ስማቸውን ከጽሑፉ መጨረሻ አሰልፎ ቃላቸውን እንዳለ ማስፈሩ፣ እጅ መንሣት እንጂ ስርቆት አልመሰለውም።

ግን ደግሞ ይህን ሁሉ ሲያስብ አንድ ሌላ ትዝታ ይጎረብጠዋል። ዜማውን እንደዘለቀ ወደ ቅኔ ቤት ተሻግሮ ነበር። የቅኔው የኔታ እንደ ወጉ መንገዱን አሳዩት፤ በማግሥቱ በፈቃዱ ትናንት የሰማውን ቅኔ አንዲት ፊደል ሳያዛንፍ ደረደረው፤ ሊመሰገን ጠብቆ ቆመ። የኔታ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉና «ይህን እኔ አውቀዋለሁ» አሉት። «ማንም ያላለውን ይዘህ ና።» ወንዝ ዳር ሄዶ እስኪመሽ ተቀመጠ። የወፉም፣ የውኃውም፣ የየኔታም ድምፅ ተሰማው፤ የራሱ ግን አልመጣም። ሳምንቱ ሳያልቅ ከቅኔ ቤቱ ኮበለለና አስኳላ ገባ። በአስኳላም ሸምድዶ መመለስ አንደኛ ያስወጣ ስለነበር፣ አመለጥኩ ብሎ ኖረ። ያ የሸሸው ነገር ባሕር ተሻግሮ፣ ቀድሞት ደርሶ፣ ሜሪላንድ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ኖሯል።

ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችን በጽሑፍ የሚያግዝ ክፍል አለው። በፈቃዱ በሩ ላይ ደርሶ ሁለት ጊዜ ከተመለሰ በኋላ ገባ። ያገኛት ሂዊ የምትባል፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ አስፐን ሂል ያደገች የዶክትሬት ተማሪ ነበረች።

«ይቅርታ፣ እርስዎ ነዎት የሚያግዙት?» አላት።

ሂዊ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ተመለከተች። «እርስዎ? ወንድሜ፣ እናቴን ነው የፈለግከው? እሷ ሥራ ላይ ናት። ቁጭ በል፣ ምን ሆነህ ነው?»

ነገራት። ሳታቋርጠው ሰማችውና አንድ አጭር የጥናት ጽሑፍ ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠችው። «ፕሪቴንድ አድርግ፣ እኔ እንደሌለሁ። እንደ ሁልጊዜው አንብብልኝ።»

በፈቃዱ ከርእሱ ጀመረ። የደራሲዎቹን ስም፣ የሚሠሩበትን ቦታ፣ አኅጽሮቱን፣ መግቢያውን፣ ዘዴውን ተራ በተራ፤ ምስጋናውን፣ ከዚያም ዋቢዎቹን። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ወገቡ ይወዛወዛል።

«ሪፈረንሱንም?» አለች ሂዊ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት። «ሪፈረንስ እኮ የሚነበብ አይደለም፣ ሲያስፈልግህ የምትሄድበት ነው!»

«ጸሐፊው አስበውበት ነው የጻፉት። ከመካከል መዝለል…»

«ነውር ነው? ስማኝ፤ ይሄ ዳዊት አይደለም። ሰውየው አንድ ነገር ሊሸጥልህ ነው የመጣው። ከሰው ዕቃ ስትገዛ መጀመሪያ ምን ታያለህ?»

«…ዕቃውን።»

«በቃ! አኅጽሮቱን እይ፤ ዘልለህ መደምደሚያውን እይ፤ ሠንጠረዡን እይ። ምን ጠየቀ? ምን አገኘሁ አለ? የያዘው ማስረጃ ይሄን ያስብላል ወይ? መልስ ካገኘህ በኋላ ነው ወደ ውስጥ የምትገባው፤ ያውም የተጠራጠርክበት ቦታ ብቻ። ከዛ ትዘጋዋለህ፤ ዘግተህ የገባህን ትጽፋለህ። ሁሉም የሚያደርገው ይሄን ነው። ትራይ አድርገው።»

በፈቃዱ ወረቀቱን ዘጋው። ጻፈ። እጁ አንድ ጊዜም አልቆመም። ሂዊ የጻፈውን ተቀብላ ከጽሑፉ ጎን አስቀመጠችና ጣቷን በአንዱ ላይ ዓይኗን በሌላው ላይ እያስኬደች ወረደች። ሳቋ በመካከሉ ቆመ። ጣቷም ቆመ።

«ኮማውን እንኳ» አለች። ቀና ብላ ስታየው ሰው ሳይሆን በሩ ክፍት የቀረ ባዶ ቤት የምታይ ትመስል ነበር። «በፈቃዱ፣ ይሄ… ስኬሪ ነው፤ ያስፈራል። አንተ እኮ መዝጋት አትችልም።»

ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ተማሪ የሚሆነው ምክር ለእርሱ እንደማይሆን ሁለቱም ተረዱ። ወረቀቱን መዝጋት ካልቻለ፣ ገና ሳይገባ በሩ ላይ ሊያስቆመው ይገባል። ሂዊ ብዙ ቀን ስታስተውለው ቆይታ የገባበትን በር አገኘችው። ቃሉ የሚገባው በዓይኑ ሳይሆን በከንፈሩና በወገቡ ነበር፤ ሰውነቱ ገና ዜማ ቤት ተቀምጧል።

ማስቲካ ሰጠችው።

«ምንድን ነው?»

«አኝክ። አፍህ ሥራ ይያዝ። ወንበርህንም ከግድግዳው አስጠጋ፣ እንዳትወዛወዝ። ምን ታየኛለህ? ሳይንስ ነው በለው!»

ሌላም ነገር አዘዘችው። በኅዳጉ ላይ በአማርኛ ይጽፋል፤ ያውም የጽሑፉን ቃል ሳይሆን ጥያቄ ብቻ። በፈቃዱ መጀመሪያ የታተመ ገጽ ላይ መጻፍ ድፍረት መሰለው። ቀስ በቀስ ግን ጥያቄዎቹ መጡ። «ከየት አወቅህ?» «ማንን ጠየቅህ? ማን ቀረ?» «ይህ ከቀደመው ምን ለየው?» እንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛው ጥያቄ ሊሻገር ሲል እንደ ጨው ይሟሟል፤ ጣዕሙ ይቀራል፤ ቅርጹ ይጠፋል።

ቃሉን ማስለቀቁ ብቻም አልበቃትም። «እነዚህ ሰዎች እንዴት እንደሚጽፉ መስረቅ ትችላለህ» አለችው አንድ ቀን። በፈቃዱ «መስረቅ» የሚለውን ሲሰማ ደነገጠ። «አትደንግጥ! ቃሉን አይደለም፣ አሠራሩን። ይሄ አንቀጽ ምን እየሠራ ነው? እዚህ ጋ ከሌላ ተመራማሪ ጋር ይስማማል፤ እዚህ ጋ ‹ነገር ግን› ብሎ ይለያል፤ እዚህ ጋ የራሱን ድክመት ሰው ሳያነሣበት ቀድሞ ያነሣል። ቤት ስታይ ድንጋዩን ተወው፣ ማገሩን እይ።»

ማገሩን ማየት ጀመረ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአሌክሳንድሪያው የመስታወት ክፍል ማስቲካውን እያኘከ አንድ ረጅም ጽሑፍ አነበበና ዘጋው። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ገጹን ጠራው። ገጹ አልመጣም። ጽሑፉ ምን እንዳለ ያውቃል፤ ምን እንደጎደለውም ያውቃል፤ በምን ቃል እንዳለው ግን አያውቅም። ዓይኑን ገለጠ። በልጅነቱ የሞላ ጎተራ ሲያንኳኩት የሚሰጠውን የታፈነ ድምፅ ያውቀዋል፤ አሁን ውስጡ ሲንኳኳ ያስተጋባ ጀመር።

ደውሎ ለሂዊ ነገራት።

«ረሳኸው? ኮንግራጁሌሽንስ!» ብላ ጮኸች። «እንኳን ደስ ያለህ!»

በፈቃዱ ግን ደስ አላለውም። ገጾቹ ሲኖሩ ቢያንስ የእርሱ ያልሆነውን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ሁሉም ከነስሙ፣ ከነቦታው ተሰድሮ ይታየዋል። አሁን ሲጽፍ የሚመጣለት ቃል ስም የለውም። ከራሱ ይሁን፣ ወይስ ያነበበው ነገር ስሙን አውልቆ፣ ሌላ ልብስ ለብሶ በጓሮ በር ተመልሶ ይሁን፣ በምን ያውቃል?

የፈተናው ቀን ዝናብ ነበር። በአንዲት መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ፣ ወንበርና የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነበሩ። ተቆጣጣሪው በር ላይ ኪሱን ፈተሸው፤ አፉን አየው።

«ማስቲካ አይፈቀድም።»

በፈቃዱ ሊያስረዳው አፉን ከፈተ፤ ምን ብሎ? ማስቲካውን በወረቀት ጠቅልሎ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ወንበሩን ከግድግዳው ሊያስጠጋ ቢሞክር ወለሉ ላይ የተተከለ ሆኖ አገኘው።

ጽሑፉን ሰጡት። ቀጠሯቸውን ስለሚያቋርጡ ሕሙማን በአንድ ክሊኒክ የተደረገ ጥናት ነበር። ገና ርእሱን ሲያይ ከንፈሩ ተላቀቀ፤ የመጀመሪያው መስመር ገባ። ሁለተኛው ተከተለው። ወገቡ ወደ ፊት ሲያዘነብል ተሰማውና ከእንቅልፍ እንደባነነ ሰው ተመለሰ። ምላሱን ከላንቃው ጋር አጣብቆ፣ ሁለት እግሩን በወንበሩ እግሮች ላይ ጠምጥሞ፣ መግቢያውን ገልብጦ መደምደሚያውን አወጣ። ብዕሩን አነሣ። «ማን ቀረ?» ብሎ በኅዳጉ ጻፈ።

ተቆጣጣሪው ከኋላው መጥቶ ቆመ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ጥያቄ ነው» አለ በፈቃዱ። «በቋንቋዬ።»

ሰውየው ፊደሉን ተመልክቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። እዚያም ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ወረቀቱ ተወሰደ። በፈቃዱ ዓይኑን አልጨፈነም፤ ሊጨፍነው ፈራ። ቀስ እያለ፣ እንደ ጨለማ መንገደኛ በየእርምጃው መሬቱን እየዳሰሰ ጻፈ። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ሸካራ ነበሩ፤ ሰዋስዋቸውም ያነክሳል። የእርሱ ለመሆናቸው ነውራቸው ምስክር ሆነላቸው። ጥናቱ ምን እንደጠየቀ ጻፈ፤ ምን እንዳገኘ ጻፈ። ቀጠሮ አቋርጠው ከተመለሱት በስተቀር ሌላ ሰው እንዳልጠየቀ ሊጽፍ ሲል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ድንገት ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ መጣና እጁ ላይ ወረደ። ከእንግሊዝኛው ቢመለስ እንዲህ ይላል፦

«ክሊኒኩ የሚያውቀው በበሩ የገባውን ብቻ ነው፤ ስላልገባው ሲናገር የሚናገረው ስለ በሩ ነው።»

እጁ ቆመ። ዓረፍተ ነገሩ ከጎረቤቶቹ መካከል እንደ ሙሽራ ቆሞ ያበራል። እንዲህ ያለ ነገር እርሱ ተናግሮ አያውቅም። ከማን ነው? በአእምሮው ያሉትን ገጾች አንድ በአንድ ጠራቸው፤ የቀሩት መጡ፤ በውስጣቸውም አልነበረም። ያልመጡትስ? ባለፉት ሳምንታት አንብቦ የረሳቸው፣ ሂዊ እንኳን ደስ ያለህ ያለችባቸውስ? ከእነዚያ ከአንዱ ቢሆን፣ ማሽኑ አንድ ጊዜ ሮዝ ከቀባው አለቀ። ግንባሩ ከወረቀቱ እስኪደርስ አጎነበሰ። ከሩቅ፣ ከዓመታት ማዶ፣ በትር መሬት ላይ ሲተከል ሰማ። «ይህን እኔ አውቀዋለሁ» የሚለው ድምፅ ግን አልተከተለም።

በዓረፍተ ነገሩ ላይ መስመር ሳበ። አንድ ጊዜ፣ ቀጥ አድርጎ። ከዚያ ሸካራዎቹን ቀጠለ።

ኮሚቴው በቀጣዩ ሳምንት ጠራው። ፕሮፌሰር ኮልማንና ሁለት የማያውቃቸው መምህራን ከረጅም ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠዋል። የጻፈው ወረቀት ፊታቸው ነበር። በፈቃዱ ከሩቅ ሲያየው የተሰረዘው መስመር ብቻ ታየው።

«አንድ ጥያቄ ነው ያለን» አሉ ፕሮፌሰር ኮልማን። ወረቀቱን አዞሩት። ጣታቸው ስረዛው ላይ አረፈ። «ይህን ለምን ሰረዝከው?»

በፈቃዱ ሲመጣ መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ ስለ አንቀጹ ቅደም ተከተል፣ ስለ ርዝመቱ። የተዘጋጀውን ሊያወጣ ሲል ከዚያ ይልቅ ሌላው ወጣ።

«የማን እንደሆነ አላወቅሁም።»

ሁለቱ መምህራን ተያዩ። አንደኛው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ከጽሑፍህ ሁሉ ከዚህ የሚሻል የለም» አሉ ፕሮፌሰር ኮልማን በመጨረሻ። «ማሽኑ ውስጥ አስገብተነዋል። የትም የለም። በፈቃዱ፣ ያንተ ነው። መጀመሪያ የነገርከኝንም ያመንኩህ ዛሬ ነው። ሊያታልል የመጣ ሰው ይህን አይሰርዝም።»

እንዲቆይ ተፈቀደለት። የደም ግፊቱን ጽሑፍ እንደገና ይጽፈዋል፤ መዝገቡ ላይ ምንም አይሰፍርም፤ እስኪመረቅ የሚያስገባው ሁሉ ግን በማሽኑ ያልፋል። አመስግኖ፣ እጅ ነስቶ ወጣ። ሂዊ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቀው ኖሮ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አልኩህ አይደል? አልኩህ! አሁንስ እርስዎ ልበልህ?» በፈቃዱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። የፕሮፌሰር ኮልማን ቃል አልለቀቀውም። የትም የለም ማለታቸው፣ በማሽኑ በር የገባው ውስጥ የለም ማለታቸው ነው። ስላልገባው ማሽኑ ምን ያውቃል? ነፃ ያወጣውን ፍርድ የገዛ ዓረፍተ ነገሩ መልሶ ይጠይቀው ጀመር።

እትዬ የዓለምዘርፍ በእሑዱ እንግዶቻቸውን ሰብስበው የመድኃኒት ማስታወቂያ ዘረጉለት። በፈቃዱ ተቀብሎ አነበበው፤ መልሶም ሰጣቸው።

«እሺ፣ በላ ዝለቀው!»

«የጨጓራ መድኃኒት ነው እትዬ። ይሠራል ይላል፤ ግን ማን ላይ እንደሞከሩት አልነገሩንም።»

«እንዴ? ሌላውስ?»

«ሌላው ጠፋኝ።»

እትዬ የዓለምዘርፍ ከእንግዶቻቸው ፊት እንደተዋረዱ ሁሉ ወረቀቱን አጠፉት። «ትምህርት ልጁን አበላሸው» አሉ። ጋሽ ታዴዎስ ከጥግ ሆነው ትኩር ብለው አዩት፤ በዚህ ጊዜ ግን ምንም አልጠየቁትም፤ እርሱም ቢጠይቁኝ ብሎ ተመኘ።

በአሌክሳንድሪያ ጉሙ ተመልሶ መጥቷል። በፈቃዱ በመስታወቱ ክፍል ተቀምጦ የደም ግፊቱን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ይጽፋል። ሸካራዎቹ ይመጣሉ፤ ያምናቸዋል። ከዚያ መካከል አንድ ለስላሳ፣ ተሠርቶ ያለቀ ዓረፍተ ነገር መጣ። እጁ ቆመ። ከውጭ ጥሩምባ ተነፋ፤ ሁለት የመኪና መብራቶች ከጉሙ ወጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። አጋጁን እንጨት አነሣላቸው፤ የነጂው ፊት ሳይታየው መኪናው አለፈ። ተመልሶ ሲቀመጥ ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ነበር፤ ማን እንደላከው ሳይናገር ይጠብቀዋል።

አልሰረዘውም። ጻፈው። ከዚያም ብዕሩን ወደ ኅዳጉ አሻግሮ፣ ለሊቃውንቱ ሲጽፍ የከረመውን ጥያቄ በአማርኛ ከጎኑ አሰፈረበት፦

«ከየት አወቅህ?»

መልሱን እየጠበቀ አዳመጠ። ከጉሙ ውስጥ ሌላ መብራት ይመጣ ነበር።